በወርቅ ጉልላት የመጣ በሽተኛ

በከተማችን ሾፌሩ ኮ ፎ ኳ መኪናውን ወደ አንድ ሰፈር ሲያዞር ደስ የሚለው ሰው የለም። ውሾች እንኳ የሞተሩን ድምፅ ለይተው ያውቁታል፤ በሌላ መኪና ላይ ይጮሃሉ፣ ለእሱ ግን ተነስተው መንገድ ይለቃሉ። አንዴ ጎማ ሊነፋ አንድ ግቢ ፊት ቢቆም፣ ውስጥ ተኝተው የነበሩት ሽማግሌ ብድግ ብለው፣ ሎንጂ የምንለውን ሽርጣቸውን አጥብቀው አስረው፣ «ገና ነኝ፣ ሂድልኝ» ብለው በሩን ዘጉበት። እኚያ ሰውዬ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። ዕድሜያቸውን የጨመርኩላቸው እኔ ነኝ ይላል ፎ ኳ።

መኪናው የነጻው እድር ነው። እድር ስል ወር በወር እየተዋጣ፣ ያልከፈለ የሚሰረዝበት ዓይነት አይደለም። አባል የለውም፤ የሚሞት ሁሉ አባል ነው። ጡረታ የወጡ አስተማሪዎች፣ አንዲት የዓሣ ነጋዴና ሁለት መነኮሳት ሆነው ያቋቋሙት፣ ሣጥንና መኪና ያጣ ቤተሰብ ሬሳ ታቅፎ እንዳይቀር ብለው ነው። ሀብታም ሲሞት ልጆቹ ይጣሉበታል፣ ድሃ ሲሞት ፎ ኳ ይመጣል። ቀስ በቀስ ደግሞ ያልሞቱትም መጥራት ጀመሩ፤ ምጥ የያዛት፣ ከዘንባባ ላይ የወደቀ፣ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ መንደሩ መመለሻ ያጣ። ሁለተኛ መኪና የሚሰጥ ስላልተገኘ አንዱ መኪና ሁለቱንም ሥራ ያዘ።

ልዩነቱ ጣሪያው ላይ ነው። ለቀብር ሲሆን በወርቅ ቀለም የተቀባ የጣውላ ጉልላት ይጫንበትና በአራት ብሎን ይታሰራል፤ ለበሽተኛ ሲሆን ይወርዳል። ጉልላት ካለ ሞት ነው፣ ከሌለ ሕመም ነው። ይህን በአውራጃችን የማያውቅ ገና ያልተወለደ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ይጠረጥራል።

ፎ ኳ ወደ እድሩ ከመግባቱ በፊት ሃያ ዓመት የመስመር መኪና ሾፌር ነበር። ያ መኪና በሆዱ አርባ፣ በጣሪያው ስልሳ፣ በመሰላሉ ላይ ደግሞ ቁጥሩ ያልታወቀ ሕዝብ ይዞ ይጓዝ ስለነበር፣ ኮረዳ ሆና የተሳፈረች አያት ሆና ትወርዳለች ይባል ነበር። ቢሆንም አንድም ሰው ጥሎ አያውቅም። አስተማሪዎቹ ሾፌር ሲፈልጉ እሱን ጠሩና፣ «እንግዲህ የሚቸኩል ተሳፋሪ አይኖርህም» አሉት። ደሞዙ በቀን አንድ ምሳና ጽድቅ ነው። ሚስቱ ዶ ቺን ምያ ጽድቁን ወጥ ውስጥ ልትጨምረው ሞክራ አልሟሟም አለኝ ትላለች።

በዚህ ደሞዝ ለምን እንደሚሠራ ሻይ ቤት ስንጠይቀው ለዓመታት «መሪ መያዝ ለምጄ» ብቻ ይለን ነበር። አንድ ዝናባማ ቀን፣ ሻይ ቤቱ ጭር ባለበት፣ ነገረን።

በእኛ አገር ከመንደሩ ውጭ የሞተ ሰው ተመልሶ በመንደሩ በር አይገባም። ጨካኞች ሆነን አይደለም። የመንደሩ አድባር ሰዎቹን በሕይወት ይሸኛል፣ በሕይወት ይቀበላል፤ ሬሳ ከውጭ ከገባ ሌላ ሞት ተከትሎት ይገባል፣ ከብት ያልቃል፣ ዝናብ ይቀራል። ስለዚህ ውጭ የሞተ ሰው ከበሩ ውጭ ዳስ ይጣልለትና ከዚያው ወደ መቃብር ይወሰዳል። ቤቱን አያይም። ሐኪም ተስፋ የቆረጠበትን ሰው ትንፋሹ ሳይቆም እያሯሯጥን የምንመልሰው ለዚህ ነው፤ ከሞቱ አሟሟቱ።

ታዲያ ፎ ኳ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ሳለ፣ በትውልድ መንደሩ በር ላይ ቀርከሃ አጋድመው ከያዙት አንዱ ነበር። በበሬ ጋሪ የመጣችው ገና የወለደች ሴት ናት፤ ወደ ከተማ ስትወሰድ መንገድ ላይ ሞታ ጋሪው ተመለሰ። ባሏ ሕፃኑን ታቅፎ በሩ ፊት ቆመ። አልለመነም፣ አላለቀሰም፤ ቆመ። ሽማግሌዎቹ «ያዙ» ስላሉ ያዙ።

«ቀርከሃው ከባድ ይመስለኝ ነበር» አለን ፎ ኳ። «ባዶ ነው እኮ። ምንም አይከብድም።»

ሻዩን ጨልጦ ሄደ። ከእኛ መሃል የቀለደ አልነበረም፤ ይህ በሻይ ቤታችን ታሪክ አንዴ ብቻ የሆነ ነገር ነው።

የታን ሌ ቢን መንደር ጉዳይ የመጣው ከዚህ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ፣ እንሽላሊት ጥላ ለመያዝ ወረፋ በሚጠብቅበት ሙቀት ነው። ታን ሌ ቢን ማለት አራት ዘንባባ ማለት ሲሆን ዘንባባዎቹ ሦስት ናቸው፤ አራተኛውን መብረቅ ከመታው አርባ ዓመት ሆኖታል። መንደሩ ግን አንዴ ያለውን አይለውጥም።

በዚያ ጠዋት ፎ ኳ አንዲት ወገን የሌላቸው አሮጊት በጉልላት አጅቦ ቀብሮ ገና መመለሱ ነበር። መኪናውን ሳያጥብ ከሆስፒታል ተጠራ። በሽተኛው ኡ ቱን ሺን ይባላል («ኡ» ለወንድ፣ «ዶ» ለሴት የአክብሮት መጠሪያችን ነው)፤ ዘንባባ ላይ እየወጣ ጭማቂ ሲያወርድ የኖረ የታን ሌ ቢን ሰው ነው፤ ጉበቱ አብጦ ሦስት ሳምንት ተኝቷል። ሐኪሙ ሚስቱን ዶ ኤ ቺንን «ወደ ቤት ውሰጂው፤ ሁለት ሰዓት ካገኘ ብዙ ነው» ብሏታል። መንደሩ ሃያ ስድስት ማይል ይርቃል፤ መንገዱም የደረቀ ወንዝ አሸዋ ያቋርጣል። በፎ ኳ አነዳድ አንድ ሰዓት ተኩል።

ሦስቱ ብሎኖች ወጡ። አራተኛው ዝጎ እምቢ አለ። ፎ ኳ ዘይት አፈሰሰበት፣ ደበደበው፣ ሰደበው፣ እናቱን ሰደበለት። ሩብ ሰዓት አለፈ። ዶ ኤ ቺን በቃሬዛው አጠገብ ቆማ ባሏ አፍ ላይ የተገጠመውን የጎማ ከረጢት በእጇ ትጨምቃለች። ነርሷ ያሳየቻት አሁን እዚያው ቆመው ሳለ ነው፤ ጨመቅ፣ ለቀቅ፣ ጨመቅ፣ ለቀቅ። የራሱ ትንፋሽ ትንሽ ናት፣ ያለ እገዛ ብዙ አትሄድም ብላታለች።

«ወንድሜ፣ ጉልላቱን ተወው» አለችው። «እሱ ጣሪያ አያይም፣ እኔን ነው የሚያየው።»

«እሱ አያይም፣ መንደሩ ያያል።»

«መንደሩ እስኪያይ እሱ ያልቃል።»

ፎ ኳ ሦስቱን ብሎኖች መልሶ አጠበቀ፣ ጉልላቱ ላይ ሰማያዊ ሸራ ጣለ፣ በገመድ ጠፍሮ ተነሳ።

መንገድ ላይ ዝም እንዳትል፣ እጇም እንዳይዝል፣ ወሬ ያወራላት ጀመር።

«ይተነፍሳል?»

«ይተነፍሳል። ዓይንህን መንገዱ ላይ አድርግ።»

«የመስመር መኪና እነዳ በነበረ ጊዜ አንድ ሰው ጣሪያው ላይ ተሳፍሮ...»

«ያኔም እንዲህ ነበር የምትነዳው?»

«ያኔ እፈጥን ነበር።»

«ታዲያ እነዚያ ሰዎች ደረሱ?»

«ገና ናቸው። አንዳንዶቹን እስካሁን መንገድ ላይ አያቸዋለሁ፤ ሰላም እንባባላለን።»

ሳቀች። ስትስቅ እጇ ሪትሙን ሳተና ደንግጣ መልሳ ጨመቀች። ከዚያ በኋላ እሱም አላሳቃትም።

ደረቁን ወንዝ ሲያቋርጡ ነፋስ ተነሳ። ፎ ኳ በቀኝ በኩል በአሸዋው ላይ የመኪናውን ጥላ አየ፤ ጥላው ጉልላት አለው። ሸራው የት ላይ እንደቀረ አያውቅም። ቆሞ ቢፈልገው ቢያንስ አሥር ደቂቃ ነው። በመስተዋቱ ወደ ኋላ ሲያይ የሴትዮዋ ጣቶች ነጭ ሆነዋል። አልቆመም። ይህችን ነገር ሲነግረን ሁልጊዜ እዚህ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ያን ቀን ያልቆመውን።

የሚያዝያ ፀሐይ ለእድራችን ጉልላት ያላት ፍቅር ለማንም የላትም። ጉልላቱ በአምስት ማይል ርቀት እንደ እሳት ነደደ። የታን ሌ ቢን ሰው ሥራውን ጥሎ ለመውጣት፣ ለመሰብሰብ፣ ለመከራከርና ቀርከሃውን በሩ ላይ ለማጋደም በቂ ጊዜ ነበረው፤ የተረፈውም ጊዜ ለማዘን በቃው።

ከፊት የቆሙት ኡ ቦ ጂ ነበሩ፤ የመንደሩ ሽማግሌና የአድባሩ ጠባቂ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው።

«ፎ ኳ፣ ምን ጭነሃል?»

«በሽተኛ ነው፣ አጎቴ። የእናንተው ቱን ሺን ነው። ይተነፍሳል።»

«ጉልላቱስ?»

«ብሎን ነው፣ አጎቴ። እምቢ ብሎኝ ነው።»

«ብሎን» አሉ ኡ ቦ ጂ፣ ቀምሰውት እንደማያውቁት ምግብ እያላመጡት።

«የእኔ አባት የታመመ ጊዜ በበሬ ጋሪ ነው የሄደው» አለ ከቀርከሃው ጫፍ አንድ ጎረምሳ። «ቱን ሺን ግን እንደ ንጉሥ ነው የሚታመመው።» የሳቁ ነበሩ።

«መጥታችሁ እዩ» አለች ዶ ኤ ቺን ከውስጥ። መውረድ አትችልም፤ እጇ ሥራ ላይ ነው።

ችግሩ ማን ይይ የሚለው ነበር። ጉልላት ያለው መኪና የነካ ሰው ፀጉሩ ሳይቀር ሳይታጠብ መንደር አይገባም፤ የጉድጓዱ ውሃ ደግሞ በሚያዝያ ለመጠጥም አይበቃም። አንዱ በመስታወት ይታይ አለ፤ አፍንጫው ላይ ሲያዝ ጉም ከያዘ በሕይወት አለ ማለት ነው። ሁሉም ተስማማ። መስታወት እስኪመጣ ስድስት ሰው ስለ መስታወት ተናገረ፤ አንዷ ጎረቤት የእኔ ትንሽ ነው አለች፣ ሌላዋ የእኔ ተሰንጥቋል፣ ለሞት ጥሩ አይደለም አለች። በመጨረሻ ያልተሰነጠቀው መጣና ኡ ቦ ጂ ራሳቸው፣ ለአንድ ሰው መታጠቢያ ውሃ አይጠፋም ብለው፣ ይዘውት ወደ መኪናው ወጡ።

«ልጄ፣ ከረጢቱን አንሺው።»

«ካነሳሁት...»

«ለአፍታ። ትንፋሹ የራሱ መሆኑን ሰው ይይ።»

አነሳችው። ኡ ቦ ጂ መስታወቱን ያዙ። በመስታወቱ ላይ ከጥፍር የማትበልጥ ክብ ጉም ታየች። ፎ ኳ ጉሟን አያት።

«አዩት አይደል፣ አጎቴ?»

«ምን ታየ?» አለ ከኋላ ያለ ሰው። «እኛ ምንም አላየንም። ወደዚህ አዙሩት።» ኡ ቦ ጂ ሲያዞሩት ሙቀቱ ጉሟን በላት። «የሽማግሌው የራሳቸው ላብ ይሆናል» አለ ሌላው። «አንዴ ይደገም።»

ተደገመ። መስታወቱ ጥርት ብሎ የኡ ቦ ጂን ፊት ብቻ አሳየ። ጠበቁ። እንደገና ጠበቁ። ዶ ኤ ቺን ከረጢቱን በጭኗ ላይ ይዛ የባሏን ፊት እያየች ነበር፤ ከሁሉም ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት።

የቅድሙ ቀልደኛ ዓይኑን ቀርከሃው ላይ ተከለ። ፎ ኳ መሪውን እንደያዘ ያን የድሮ ሰውዬ፣ ሕፃን ታቅፎ የቆመውን፣ አስታወሰ።

ኡ ቦ ጂ መስታወቱን በሎንጂያቸው ጫፍ ጠረጉት። በጣም ረጅም ጊዜ ጠረጉት።

«ልጄ» አሉ ቆይተው፣ «ለምን አቆምሽ? ጨምቂ እንጂ።»

ቀና ብላ አየቻቸው።

«ጨምቂ።»

ከረጢቱን መልሳ ገጠመችና ጨመቀች። የቱን ሺን ደረት ከፍ አለ። ለቀቀች፤ ዝቅ አለ።

«ያው፣ ይተነፍሳል» አሉ ኡ ቦ ጂ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ቀርከሃውን አንሱ።»

ያነሳው ያው ቀልደኛ ጎረምሳ ነው። ከበሩ እስከ ቱን ሺን ቤት ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ሰዉ ግራና ቀኝ ቆሞ፣ ወርቃማው ጉልላት በመሃሉ ሲያልፍ፣ በመስኮቱ የሚታየው ደረት ከፍ ዝቅ ሲል አየ። ሁሉም አየ፣ ሁሉም ያውቃል። ምንጣፍ ተነጥፎ እስኪተኛ ድረስ ጨመቀች። ከዚያ ኡ ቦ ጂ ገብተው እጃቸውን ግንባሩ ላይ አኑረው «አሁን ሄደ» አሉ፤ ልቅሶውም ያኔ ተጀመረ።

ፎ ኳ ውጭ ቆሞ ምን እንደሚያደርግ ቢጨንቀው ጣሪያው ላይ ወጣ። አራተኛው ብሎን፣ ዘይቱ ገብቶለት፣ በሁለት ጣት ተፈታ።

በዚያ ዓመት ታን ሌ ቢን ዝናብ ዘገየበት። ሰሊጡ በደረቅ መሬት ተዘርቶ በደረቅ መሬት ቀረ። ስለ ቱን ሺን አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረም፤ መኪናችንንም አንድም ሰው አልጠራም። ወረርሽኝ ትኩሳት በገባ ጊዜ ሴትና ሽማግሌ በበሬ ጋሪ ሃያ ስድስት ማይል ተጓዘ። አስተማሪዎቹ ግራ ገባቸው፤ «ምነው፣ ተቀየሙን እንዴ?» አሉ። ፎ ኳ አራቱንም ብሎኖች በአዲስ ቀየረ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጉልላቱን ከቀብር መልስ እዚያው መቃብሩ በር ላይ ያወርዳል። መፍቻውን ወገቡ ላይ ሽጦ መዞር ጀመረ፤ ሻይ ቤት ሲቀመጥም ጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል። ሚስቱ ተኝቶም ጣሪያውን ይፈታል፣ አንድ ቀን ቤቱ ይወርድብናል ትላለች።

በቀጣዩ ዓመት፣ ሙቀቱ ሲጀምር፣ ሆስፒታሉ ጠራው። ለታን ሌ ቢን ነው። ቃሬዛው ላይ የተኙት ኡ ቦ ጂ ነበሩ፤ ከስተው ሎንጂያቸው ሁለት ጊዜ ይዞራቸዋል፣ አፋቸው ግን ደህና ነው።

ወንዙን ተሻገሩ። ከዚያ፣

«ጉልላቱ የለም?» አሉ።

«የለም፣ አጎቴ። ከተማ ነው የተውኩት።»

«ጥሩ። ከበሩ ውጭ አቁመኝ። እዚያ ያለው የሮቃ ዛፍ ሥር።»

«አጎቴ፣ እርስዎ እኮ በሕይወት አሉ። እያወሩኝ ነው።»

«አውቃለሁ። መስታወት አምጣ አላልኩህም።» ትንፋሽ ሰበሰቡ። «ጉሟን አይቻታለሁ፣ ፎ ኳ። ያን ጊዜ አዎ፣ አይቻለሁ ብል መንደሩ በሙሉ በሕይወት ባለ ሰው ላይ በር ዘግቶ ገድሎታል። አይ፣ ሞቶ ነው የመጣው ብል እሷ ባሏን ሮቃ ሥር ታስተኛለች። ሁለቱንም መናገር አቃተኝና አድባሩን ዋሸሁት። ሰዉ በእኔ ላይ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ በየማለዳው ሰማይ ሰማይ እያዩ በደጄ ያልፋሉ። ያለቦታው የገባ አለ፤ ያለቦታው ውጭ የሚቀር ይኑር።»

«ጥፋቱ እኮ የእኔ ነው። ብሎኑ...»

«ብሎኑን ተወው። ስንት ጊዜ ብሎን ትለኛለህ።»

«ልጆችዎ ይገድሉኛል።»

«መኪናው ያንተ ነው፣ ምን አሳሰበህ? በነጻ ትቀበራለህ።»

በሩ ላይ ሲደርሱ ቀርከሃው አስቀድሞ ተነስቶ፣ ልጆቻቸው ወጥተው ይጠብቁ ነበር። ፎ ኳ ሮቃው ሥር ቆመና ሞተሩን አጠፋ።

«ግባ እንጂ፣ ምን ሆነሃል?» አለ ትልቁ ልጅ።

ፎ ኳ ለእኛ ሲነግረን፣ ቁልፉ ላይ እጄ ነበር፣ አስነስቼ ልገባም አስቤ ነበር ብሏል። አባትየው ቃሬዛው ላይ ሆነው ለልጆቹ ራሳቸው ነገሯቸው። ልጆቹ አለቀሱ፣ ተቆጡ፣ ለመኑ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዶ ኤ ቺን ከቤቷ ምንጣፍ ተሸክማ ወጣች፤ ባሏ የተኛበት ያው ምንጣፍ ነው። በበሩ አልፋ ሮቃው ሥር ዘረጋችውና በአንዱ ጫፍ ተቀመጠች።

ኡ ቦ ጂ እዚያው ሁለት ቀን ኖሩ። ዳሱን የሠሩትን ጠማማ ነው ብለው ሁለት ጊዜ አስፈርሰው አሠርተዋል። ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ከቤታቸው ሦስት መቶ እርምጃ ርቀው፣ የቤታቸው ጣሪያ እየታያቸው ሞቱ። ፎ ኳ ጉልላቱን ይዞ ሄዶ ቀበራቸው።

ዝናቡ በዚያ ዓመት በጊዜው መጣ። የታን ሌ ቢን ሰዎች ኡ ቦ ጂ ከበሩ ውጭ ስላረፉ ነው አሉ፤ መኪናችንንም መልሰው መጥራት ጀመሩ። የመጀመሪያዋ ጠሪ ምጥ የያዛት ሴት ነበረች። ጥሪው ሲመጣ ፎ ኳ ከእኛ ጋር ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ የዝናቡ ውሃ ከጣሪያው ቆርቆሮ ጫፍ እየተንዠቀዠቀ ነበር።

«የዘነበው ሁሉም ጋ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀን።

«ሁሉም ጋ» አልነው። «ማንም ውጭ ያልሞተባቸው መንደሮችም ጋ። እንዲያውም እነሱ ጋ ይበዛል።»

መፍቻውን ከጠረጴዛው አንስቶ ወገቡ ላይ ሻጠ። ጉልላቱ እንደሌለ እያወቀ ወጥቶ የመኪናውን ጣሪያ አየ፤ ከዚያ በበሩ አንገቱን አስገባና፣

«ታን ሌ ቢን የሄደ ሰው ይህን እንዳያወራ» አለን።